የአባቴ ስም በሰው መጽሐፍ

የእኅቴ የልጅ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከማተሚያ ቤት የወጣ አዲስ መጽሐፍ አመጣልኝ። እንደ ልማዴ ከማንበቤ በፊት አሸተትሁት። ላምባ ላምባ ይላል። ልጁ ሳቀብኝ፤ «እማማ፣ መጽሐፍ ይነበባል እንጂ ይሸተታል እንዴ?» አለኝ። ይሳቅ፣ ግድ የለም። እኔ መጽሐፍ ማሽተት የጀመርሁት ማንበብ ሳልጀምር ነው። በልጅነቴ መጽሐፍ ማለት መጀመሪያ ፍየል ነበር። ቆዳው ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ፣ በእንጨት ተወጥሮ ሲፋቅ፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ሽታው ከደጃችን አልፎ ጎረቤት ያስነጥስ ነበር። ቀለሙ ደግሞ ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸትና ያረረ እህል ነው፤ በገንቦ ተዘፍዝፎ እየተማሰለ ወራት ይከርማል። ስለዚህ ጥሩ መጽሐፍ ለእኔ ትንሽ ፍየል ፍየል፣ ትንሽም ያረረ ቆሎ መሽተት አለበት። የላምባውን መጽሐፍ ግን አልጠላሁትም፤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ልጁ ሌላም ነገር ጠየቀኝ። እኔ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጌ የምጽፍ ሴት ነኝ። በሣጥኔ ያሉት ደብተሮች በዓለም ላይ ኖረው በማያውቁ ሰዎች የተሞሉ ናቸው። «ታዲያ ይኼ ውሸት አይደለም?» አለኝ። ቄሶቹም ጎረቤቶቼም ብዙ ጊዜ ጠይቀውኛል።  የምመልሰው በአንድ ዓመት ትዝታ ነው።

ያ ዓመት ንጉሡ ያሠሩት ትልቁ መድፍ ከጋፋት የተነሣበት ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ወይም ዐሥር፤ በእኛ ቤት የጥጃ እንጂ የልጅ ዕድሜ የሚቆጥር አልነበረም። ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ሥር ነበር። አባቴ ደምሌ ገበሬ ነው፤ አንድ ፊደል አያውቅም። የእናቴ አባት መሪጌታ እንግዳ ግን መጽሐፍ ጸሐፊ ነበሩ፤ ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር።

የንጉሡ ጭፍሮች መድፍ የሚጎትትና መንገድ የሚጠርግ ሰው ከየቤቱ አንድ አንድ እያሉ ወሰዱ። ከእኛ ቤት አባቴ ደረሰው። ሰዎች ስለ መድፉ ሲያወሩ «ጭቃ ላይ ተኛ»፣ «ዛሬ አልነሣም አለ» ይሉ ስለነበር፣ እኔ መድፍ ማለት ከበሬ ሁሉ የሚበልጥ በሬ መስሎኝ ነበር። አባቴ ሊሄድ ሲል አንድ እቅፍ ድርቆሽ ይዤ ወጣሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ለመድፉ ነው፤ እንዳይበላህ ይኼን ስጠው» አልሁት።

አልሳቀም። ድርቆሹን ተቀብሎ ጎንበስ አለና በጆሮዬ፦ «የክርስትና ስሜን ታውቂዋለሽ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። የክርስትና ስም በእኛ አገር እንዲሁ አይጠራም፤ ክፉ ሰው ከሰማው መተት ይሠራበታል ይባላል። የሚያውቁት ወላጅና የነፍስ አባት ናቸው፤ አያቴ እንኳ የአማቻቸውን ስም አያውቁትም ነበር። «ገብረ ማርያም ነው» አለኝ። «ለማንም እንዳትነግሪ። ስትጸልዪ ግን በእሱ ጥሪኝ።» ድርቆሹን በብብቱ ይዞ ሄደ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ይጥለዋል ብዬ አየሁት፤ እስከማየው ድረስ አልጣለውም።

አባቴ ከሄደ በኋላ ቀኔ ሁሉ የአያቴ ሆነ። አያቴ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። በራሳቸው እጅ የሚጽፉትን ትልልቅ ፊደል ያዩታል፤ የሚገለብጡትን መጽሐፍ ግን፣ ጽሕፈቱ ደቃቅ፣ ብራናውም ጢስ የጠጣ ስለነበር፣ ጨርሶ አያዩትም። ስለዚህ አስቀድመው ፊደል አስቆጥረውኝ ነበርና እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። እናቴ «ሴት ልጅ መጽሐፍ ታቅፋ ስትውል ማን ያገባታል?» እያለች ታጉረመርማለች። «መጽሐፍ የሚወድ ያገባታላ» ይላሉ አያቴ፣ ብርዓቸውን እየቀረጹ። «እሱም አይገኝም» ትላለች እናቴ። እውነቷን ነበር፤ ያገባኝ ሰው መጽሐፍ አይወድም ነበር።

ያን ዓመት የምንገለብጠው ከሩቅ ገዳም በውሰት የመጣ የአንድ ጻድቅ ገድል ነው። የጻድቁን ስም ዛሬ ብጠራው የሚያውቃቸው የለም። አንድ መስመር አነባለሁ፤ አያቴ ግእዙን ባማርኛ ይነግሩኝና ይጽፋሉ። አንድ ቀን እንዲህ የሚል ታሪክ ደረሰን። አንዲት መበለት እህል ጭና ስትሄድ አህያዋ ከነጭነቷ ገደል ገባች። ሴትዮዋ ስታለቅስ ጻድቁ ደረሱ፣ ጸለዩ፤ የተበተነው እህል አንዲት ፍሬ ሳትቀር ተሰብስቦ ስልቻው ውስጥ ገባ። ሴትዮዋም እግዚአብሔርን እያመሰገነች ወደ ቤቷ ሄደች። አለቀ።

«አህያዋስ?» አልሁ።

«የቷ አህያ?» አሉ አያቴ።

«ገደል የገባችው ናት እንጂ። ዳነች?»

አያቴ ብርዓቸውን ከቀለሙ ነከሩ። «መጽሐፉ ዝም ካለ እኛም ዝም ነው። ጸሐፊ እጅ እንጂ አፍ የለውም። ያልተጻፈ የጨመረ፣ የተጻፈ የቀነሰ፣ እጁ ይድረቅ ተብሏል።»

«ታዲያ እህሉን ማን ተሸክሞ አደረሰላት?»

 አያቴ «ለዛሬ ይበቃናል» ብለው መጽሐፉን ከደኑ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ያነበብሁትን መጽሐፍ ሁሉ «አህያዋስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ነገሥታት ሲዋጉ ሲታረቁ የሚተርክ ትልቅ መጽሐፍ አይቻለሁ፤ ጭነቱን የተሸከመው ማን እንደሆነ አይናገርም። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ አከብረዋለሁ እንጂ አልወደውም።

ገድሉን ያስጻፉት እመይቴ ውብዳር ነበሩ። እመይቴ ኮረብታው ላይ የሚኖሩ ባለ ርስት፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ድምፃቸው ከኮረብታ ኮረብታ የሚሰማ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው አያሌው ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ዘምቷል። መጽሐፉን ያስጻፉትም ለእሱ ነው። ምክንያቱም በገድሉ መጨረሻ ቃል ኪዳን አለ፤ ስሙ በዚህ መጽሐፍ የተጻፈለት ሰው ጦር አያገኘውም፣ ጎርፍ አይወስደውም፣ ከቤቱ ደጅ ይመለሳል ይላል። ለዚያ ሰው ስም ሰባት ቦታ ባዶ ተትቷል። ወጉ እንዲህ ነው፦ ጽሑፉ በጥቁር ቀለም አስቀድሞ ያልቃል፤ የሚጻፍለት ሰው ስም በመጨረሻ በቀይ ይገባል።

ያን ቃል ኪዳን ለአያቴ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። አያቴ ትርጉሙን ሲነግሩኝ ሰባቱን ባዶ ቦታዎች አየሁ። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቁት።

በታኅሣሥ፣ ገብርኤል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቀዩ ቀለም ደረሰ። አያቴ «ሂጂና ከእመይቴ የልጁን የክርስትና ስም አምጪ። ቃል አትረሺምና አንቺ ትሻያለሽ» ብለው ላኩኝ። እመይቴ ደጃቸው ላይ ጥጥ እየፈተሉ አገኘኋቸው። እንዝርቱን አስቀምጠው አስጠጉኝና በጆሮዬ «ወልደ ሚካኤል» አሉኝ። «መንገድ ላይ እንዳትጥዪው።»

አፌን ገጥሜ ቁልቁል ሮጥሁ። እውነቱን ልናገር፤ ስነሣ ክፉ አሳብ አልነበረኝም። በመንገዴ ያለችውን ወንዝ ስሻገር ግን በአፌ ውስጥ ሁለት ስም ነበር። ቤት ስደርስ አያቴ ቀዩን ቀለም ቀንድ ውስጥ አድርገው፣ ብርዕ ይዘው ይጠብቁኛል።

«ማን አሉሽ?»

«ገብረ ማርያም» አልሁ።

«ተባረኪ» አሉና ጻፉት። ሰባት ጊዜ። እያንዳንዱ ፊደል ሲቀላ ትንፋሼን ይዤ አየሁ። አባቴ በሰባት በር ወደ ቤቱ ሲገባ የማይ መሰለኝ። ያን ቀን ቅንጣት አልጸጸተኝም። እንዲያውም ወጥቼ ከጥጆቹ ጋር ዘለልሁ።

የካቲት ሲጋመስ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የፍየል ቆዳ ፀሐይ ላይ ሳዞር ከኮረብታው ጩኸት ሰማሁ። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ሽቅብ ሮጠች። ጎረቤታችን ከማሳው ሆኖ «ማነው?» ሲል፣ ሌላው «የእመይቴ ውብዳር ልጅ! መርዶ መጣ!» ብሎ መለሰ።  አያሌውን የገደልሁት እኔ ነኝ። ጦሩ ሊያልፈው ሲል ስሙን ፈልጎ አጣው፤ ስሙን የሰረቅሁ እኔ። በቃ ይህን አመንሁ።

ምግብ አልወርድልሽ አለኝ። እናቴ ቡዳ በላት ብላ ጤና አዳም አሸተተችኝ፣ ደረቴን በቅቤ አሸች። ቡዳስ ምን አለበት? የእኔ ጭንቅ ሌላ ነበር። ዝም ካልሁ የሰው ልጅ ገድዬ ዝም ማለቴ ነው። ከተናገርሁ ደግሞ የአባቴ ስም በቢላዋ ይፋቃል፤ ከተፋቀ እሱንም መድፉ ይበላዋል። ከእመይቴ ሐዘንና ከአባቴ ነፍስ የቱን ልምረጥ? ማታ ማታ «ገብረ ማርያም» እያልሁ መጸለይ እንኳ ፈራሁ፤ ከእመቤታችን ጋር የተጣላሁ መሰለኝ።

መጽሐፉ ተጠርዞ፣ ማኅደር ተሰፍቶለት በዐቢይ ጾም እኩሌታ ለእመይቴ ደረሰ። ቅረቡ ተባልን፤ እኔና አያቴ ሄድን። እመይቴ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ በቆሸሸ ነጠላ ተከናንበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ያ ድምፃቸው የለም። የነፍስ አባታቸው አባ ተክሌ መጽሐፉን ተሳልመው ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያው ቀይ ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ፊት ገለጡ፤ አሁንም ቆሙ።

«መሪጌታ፣ ይኼ ገብረ ማርያም ማነው?» አሉ።

አያቴ መጽሐፉን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።  ስድሳ ዘመን ሲጽፉ አንድ ስም ተሳስተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ወደ እኔ ዞር ብለው ዓይኔን አዩ፤ ያኔ የገባቸው ይመስለኛል። «ጆሮዬ ነው» አሉ። «እርጅና ነው፣ እመይቴ፤ በደለኛው እኔ ነኝ። አሁኑኑ እፍቀዋለሁ።» የብራና ቢላዋቸውን ከሰገባው አወጡ።

ስለቱ ከቀዩ ፊደል ጫፍ ሲደርስ ጮህሁ። «አባባ፣ አይፋቁት! አባቴ ነው! እኔ ነኝ ያልሁት! እመይቴ፣ አያሌውን የገደልሁት እኔ ነኝ!» ያን ቀን ያለቀስሁትን ለቅሶ ሌላ ልጅ አታልቅሰው። ድርቆሹንም፣ ሁለቱን ስምም፣ ሁሉንም ተናገርሁ።

እመይቴ ብዙ አዩኝ። ከዚያ «ነይ» አሉኝ። ይመቱኛል ብዬ ቀረብሁ።

«ስሙን ከእኔ የወሰድሽ መቼ ነው?»

«በታኅሣሥ። ገብርኤል ሦስት ቀን ሲቀረው።»

«አያሌው የሞተ በኅዳር ነው» አሉ። «በኅዳር ሚካኤል ማግስት።»

አባ ተክሌ ቀና አሉ። «እመይቴ፣ የለም፣ መልእክተኛው እንኳ—»

«አባ!» አሉ እመይቴ። የድሮው ድምፃቸው ነበር። አባ ተክሌ አጎነበሱ። እመይቴ እጄን ይዘው ቀጠሉ፤ «አንቺ ደጄ ስትመጪ ልጄ አፈር ከለበሰ ወር አልፎት ነበር፤ እኔ ነኝ ሳላውቅ የሙት ስም የሰጠሁሽ። አንቺ ማንንም አልገደልሽም። ሰማሽኝ? ማንንም።»

ወደ አያቴ ዞሩ። «መሪጌታ፣ ስሙ ይኑር፤ ለሚኖር ሰው ይሁነው። የእኔን ልጅ ከመጨረሻው ገጽ ነፍስ ይማር ብለው ይጻፉልኝ።» አያቴ እመይቴን ትክ ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሱ።

«አንቺ ግን ስለ ዋሸሽ ቅጣት አለብሽ» አሉኝ እመይቴ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ታነቢልኛለሽ።»

በሕይወቴ የተቀጣሁት ከሁሉ የተሻለ ቅጣት እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረብታውን እወጣለሁ፤ እመይቴ ይፈትላሉ፣ እኔ ግእዙን እያነበብሁ አያቴ እንደ ነገሩኝ ባማርኛ እመልሰዋለሁ። ለሚሰማ ሰው ማንበብ ለብቻ ከማንበብ ሌላ ነገር መሆኑን እዚያ ነው ያወቅሁት፤ እንዝርቱ ሲቆም ታሪኩ ልብ ነክቷል ማለት ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ መበለቲቱ ዘንድ ደረስን። እህሉ ተሰበሰበ፣ ሴትዮዋ አመስግና ሄደች። እንዝርቱ ቆመ።

«አህያዋስ?» አሉ እመይቴ።

 በዓለም ላይ ይህን የምጠይቅ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አያቴን፣ የሚደርቀውን እጅም አሰብሁ። ከዚያ ወደ ተላጨው ራሳቸው ተመለከትሁ።

«ዳነች፣ እመይቴ» አልሁ። «የፊት እግሯን ትንሽ አነከሳት እንጂ ዳነች።»

«እህሉንስ?»

«ጻድቁ ተሸከሙት። አህያዪቱ ባዶዋን ከኋላ ከኋላ ተከተለቻቸው። መንገድ ላይ ደክሟቸው ቢቀመጡ፣ ስልቻውን ቀዳ ገብስ በላችባቸው።»

እመይቴ ሳቁ። ከመርዶው በኋላ የመጀመሪያው ነው ብላ አገልጋያቸው ከጓዳ ወጥታ አየችን። «ይኼ በመጽሐፉ አለ?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«የለም» አልሁ።

«ይኑር» አሉ።

አባቴ ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ከሲታ ሆኖ፣ ትከሻውን የመጎተቻው ጠፍር ልጦት፣ ግን በእግሩ መጣ። የሆነውን ሁሉ ሳላስቀር ነገርሁት። «እዚያ ውስጥ እኔ የቱ ነኝ?» አለኝ። ፊደሉን በአመድ ላይ ጻፍሁለት። በጣቱ ሳይነካው ብዙ አየው። ከዚያ እናቴ የአያሌውን ነገር አነሣች።

«እኔስ ቀባሪው አይደለሁም እንዴ?» አለ አባቴ። «ምስኪን! ጥምቀትን አብረን ዋልን እኮ። ያን ቀን ጉተታው ቀርቶልን፣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የአገራችንን ዘፈን እያወጣ ሁላችንንም አስጨፈረን። በሳምንቱ ንዳድ ያዘው፤ ሦስት ቀን አልቆየም።»

«አዎን፣ መርዶ ነጋሪውም በጥር ነው ብሎ ነው ያረዳን» አለች እናቴ።

በጣቶቼ ቆጠርሁ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ደግሜ ቆጠርሁ። ስሙን የወሰድሁት ከሕያው ሰው ነበር፤ እመይቴም ይህን እያወቁ ነበር። ተነሥቼ ከደጅ ብራና የሚፍቁት አያቴ ዘንድ ሄድሁ።

«አባባ፣ በኅዳር ያሉኝ ውሸት ነው?»

አያቴ መፋቃቸውን አልተዉም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ። ቆይተው ደግሞ፦ «እኔ ጸሐፊ ነኝ። የሰው ጽሑፍ አልፍቅም።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና አባቴ ሊያመሰግን አብሮኝ ወጣ። የእመይቴን ጉልበት ሳመ። አስነሥተው አስቀመጡት፣ ጠላ አስቀዱለት። መጽሐፉን ዘርግቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እመይቴ እንዝርታቸውን አላነሡም። አባቴን ያዩታል፣ እኔን ያያሉ፤ ደግሞ እሱን ያያሉ።

«ልጄን… አይተኸው ነበርን?» አሉ።

«እንዴታ፣ እመይቴ!» አለ አባቴ። «በጥ—» ሲል እጃቸውን አነሡ፤ አባቴ ግራ ገብቶት ዝም አለ። ልጃቸው መጨረሻ የሣቀበትን ቀን የሚነግራቸው ሰው ፊታቸው ተቀምጧል፤ እሳቸው ግን እኔ እንዳልሰማ ብለው አፉን ዘጉት። 

መጽሐፉን ዘጋሁ። «እመይቴ፣ ጠማኝ፤ ምንጭ ወርጄ ውሃ ልጠጣ» አልሁ። እንስራው ከበሩ ሥር ሞልቶ ተቀምጧል። እሳቸውም አዩት፣ እኔም አየሁት።

«ሂጂ፣ ልጄ» አሉኝ። «ቀስ ብለሽ ጠጪ።»

ወጥቼ ከአጥሩ ውጭ፣ ድምፁ እንጂ ቃሉ ከማይደርስበት ተቀመጥሁ። አባቴ ብዙ አወራ። ቆይቶ ያን የጥምቀት ዘፈን ሲያወጣ ሰማሁ፤ ከዚያ የእመይቴ እጅ አብሮ ሲያጨበጭብ፣ ከዚያ ለቅሷቸው። እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ስመለስ ፊታቸው ታጥቦ፣ እንዝርቱ በእጃቸው ነበር። የት ቆየሽ አላሉኝም፤ ካቆምሁበት ማንበብ ጀመርሁ።

አንድ ቀን እንኳ አላነሣሁባቸውም። እመይቴ እስኪያርፉ ድረስ፣ በእኔና በእሳቸው መካከል አያሌው የሞተው በኅዳር ነው።